የቢራ ጋዝን ባነሰ መብራት ፈሳሽ ለማድረግ

ጠላ ሲብላላ ጋኑ ውስጥ የሚንተከተከው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቢራ ፋብሪካም ያው ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። እርሾው 180 ግራም ግሉኮስ ሲበላ 88 ግራም ጋዝ ያወጣል። ፋብሪካው ይህን ጋዝ ያጥበዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ያቀዘቅዘዋል። ፈሳሽ ሲሆን ያስቀምጠውና ቢራው ሲታሸግ ይጠቀምበታል። ጭመቃውም ቅዝቃዜውም ግን መብራት ይበላሉ።

መጀመሪያ፣ አትቸኩሉ። ማብላያው ታንክ ገና ሲሞላ ከላይ ያለው አየር ነው። አየር በዚያ ቅዝቃዜ ፈሳሽ አይሆንም። ጋዙ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚሆንበት ኮንደንሰር ውስጥ ተጠራቅሞ የጋዙን ቦታ ይይዛል፤ ማሽኑም ይበልጥ ለማቀዝቀዝ ይገደዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጋዝ ልቀቁት፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ገደማ ነው። ሰዓት ከማየት በንጽህና መለኪያ መወሰን ይሻላል። የምትለቁት ግን ወደ ደጅ ይሁን። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታም የለውም፤ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል።

ጋዙን ከሚጨምቀው ማሽን፣ ከኮምፕረሰሩ፣ በፊት በቂ የጋዝ ፊኛ አስቀምጡ። ያኔ ሞተሩ በየደቂቃው እየተነሳ አይጠፋም።

ጭመቃው በሁለት ደረጃ ይሁን፤ መሃል ላይ ጋዙን በውሃ አቀዝቅዙት። ትኩስ ጋዝ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ለመጭመቅ ያደክማል። የማቀዝቀዣው ቱቦ ደለል ከያዘው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አስጠርጉት። ጋዙንም አድርቁት፤ እርጥበቱ ኮንደንሰር ውስጥ በረዶ ይሠራል።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። 20 ባር ግፊት ላይ ጋዙ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅዝቃዜውን የሚሰጠው የአሞኒያ ማሽን ነው። ፈሳሹ ሲፈለግ ደግሞ በስቲም አሙቀው መልሰው ጋዝ ያደርጉታል! እዚህ በመብራት ማቀዝቀዝ፣ እዚያ በነዳጅ ማሞቅ።

ሁለቱን አገናኟቸው። ወደ ቢራው የሚሄደውን ፈሳሽ ግፊቱን ቀንሱለት፤ ይበልጥ ቀዝቅዞ ይፈላል። በሙቀት መለዋወጫ በኩል ከሚገባው ጋዝ ጎን ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስድለታል። አንዱ ሲተን ሌላው ፈሳሽ ይሆናል፤ አሞኒያውም ስቲሙም ያርፋሉ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰዓት ካልገጠሙ ቅዝቃዜውን በግላይኮል (በቀላሉ በረዶ በማይሆን ፈሳሽ) ታንክ ማቆየት ይቻላል። ግፊቱን ስትቀንሱ ግን ከ5.2 ባር በታች እንዳይወርድ። ከወረደ ፈሳሹ ደረቅ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል።