ከአስመራ ወደ ምጽዋ ስትወርዱ ካናቴራችሁን በእጃችሁ ያዙ

አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጃኬት ታስለብሳለች። መንገዱ በነፋሲትና በጊንዳዕ አድርጎ ከ115 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ቀይ ባሕር ያደርሳችኋል። መሃል ላይ ጉም፣ ታች ወበቅ። ትልቁ ሻንጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከታሰረ በኋላ ካናቴራ ፍለጋ የለም! ስለዚህ ካናቴራ፣ ነጠላ ጫማና ውሃ በእጅ በምትይዙት ትንሽ ቦርሳ ይሁኑ። ጥምዝምዙ ሆድ ይረብሻል፤ ቁርስ ቀለል አድርጉ፣ ወደ ፊት ተቀመጡ። በክረምት ግን ባትሞክሩት ይሻላል፣ ምጽዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ተመራጭ ነው። የውጭ ዜጎች ከአስመራ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚጠየቁ ቀድማችሁ ጨርሱት። የኤርትራን ገንዘብ ናቅፋንም በጥሬው ያዙ።