ዓሣን ሳያሠቃዩ ማደንዘዝና መግደል እንዴት ይቻላል?

ሸዋ ሮቢት በኩሬ ቆሮሶና አምባዛ የሚያረባም ሆነ ደብረ ብርሃን ቤቱ አኳሪየም ያለው ሰው፣ የማይድን ዓሣ ሲገጥመው ብዙ ጊዜ ከውሃ አውጥቶ እስኪሞት ይጠብቃል። ከዚህ የከፋ መንገድ የለም። አምባዛማ አየር ስለሚተነፍስ ለሰዓታት ይቆያል።

መጀመሪያ የሚወሰነው ዓሣው ይበላል አይበላም የሚለው ነው።

የማይበላ ከሆነ የቅርንፉድ ዘይት ይበቃል። ለጥርስ ሕመም የሚሸጠውም ይሆናል፤ ከሌላ ዘይት የተደባለቀ ግን መጠኑን ያዛባል። ዘይቱ ብቻውን ከውሃ ጋር አይዋሃድምና 1 እጅ ዘይት በ9 እጅ 95 በመቶ አልኮል ይበጥብጡ። አረቄ አይሆንም፤ ውሃው ስለሚበዛ ዘይቱ ተመልሶ ይለያል።

ባልዲው ውስጥ ዓሣው የኖረበትን ውሃ 10 ሊትር ይቅዱ። በደጋው የጠዋት የቧንቧ ውሃ ቅዝቃዜው ራሱ ዓሣውን ያስደነግጠዋል።

ቁስል ለማየት ወይም ለመመዘን ማደንዘዝ ብቻ ከፈለጉ፣ ዓሣውን አንድ ቀን ሳይመግቡ ያቆዩና 5 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ይጨምሩ። መጀመሪያ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ በጎኑ ይተኛል። ጅራቱን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ካልተንቀሳቀሰ ደንዝዟል። ስንጥቡ መንቀሳቀሱን ሊያቆም ሲል ሳይዘገዩ አየር ወደሚነፋበት ንጹህ ውሃ ይመልሱት። በቀዝቃዛ ውሃ መደንዘዙም መንቃቱም ይዘገያል፤ ዘገየ ብሎ መጠን መጨመር ነው ብዙ ዓሣ የሚገድለው።

ለመግደል 40 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ስንጥቡ ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ልቡ ገና ይመታል፣ ንጹህ ውሃ ካገኘም ሊነቃ ይችላል። ስንጥቡ ከቆመ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ አንጎሉን በሹል ብረት ይውጉ። ለአምባዛ ይህ የመጨረሻ እርምጃ ፈጽሞ አይታለፍም።

ለምግብ የሚሆነውን ግን ዘይት አያስነኩት። በእርጥብ ጨርቅ ይያዙና ከዓይኖቹ ከፍ ብሎ፣ አናቱ ላይ በአጭር ከባድ ዱላ አንዴ በኃይል ይምቱ። ከዚያ ገልበጥ አድርገው ዓይኑን ይዩ፦ ነፍስ ያለው ዓሣ ሰውነቱ ሲዞር ዓይኑን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ የፈዘዘው ዓይኑ ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ከተመለሰ ወዲያው ይድገሙት። የአምባዛ ራስ ቅል ጠንካራ ስለሆነ ቀላል ዱላ አይበቃውም። እንደ ፈዘዘ ስንጥቡን በሁለቱም በኩል ቆርጠው ደሙን ያፍስሱ።

በዘይቱ የሞተውን ለውሻም ለዶሮም አይስጡ፤ ይቅበሩት። የባልዲውን ውሃም ወደ ኩሬ ወይም ወንዝ አይድፉ።