ገጠር ያሉ ወላጆቻችን ጥርሳቸውን ይዘው እንዲያረጁ

«እርጅና ነው፣ ጥርስ መርገፉ አይቀርም» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። አዛውንቶቻችንን ጥርስ የሚያሳጣቸው በአብዛኛው ለዓመታት ዝም የተባለ የድድ በሽታና የተቦረቦረ ጥርስ ነው። ጃፓኖች በ1989 እ.ኤ.አ. «በ80 ዓመት 20 ጥርስ» የሚል ዘመቻ የጀመሩት 20 ያህል ጥርስ የቀረው ሰው ብዙውን ምግብ አኝኮ መብላት ስለሚችል ነው። አዳማ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ጥርሳቸው ያለቀ አባት ግን ሥጋውን፣ ቆሎውን፣ ጎመኑን ይተዉና በሻይ የራሰ ዳቦ ላይ ይቀራሉ። አቅም ማጣቱ ከዚያ ይጀምራል። የታመመ ድድ ደግሞ ስኳር በሽታን ያባብሳል፣ ስኳሩም መልሶ ድዱን ይጎዳል። ደከም ያሉ ሰዎች ላይ የአፍ ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ብሩሽ ግዙላቸው ብዬ አልጀምርም። መፋቂያ በደንብ ከተፋቁበት ይሠራል። እርጥብ የወይራ እንጨት ይሁን፣ ጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተልጦ ቃጫ እስኪያወጣ ይታኘክ። ችግሩ ያለው አፋፋቁ ላይ ነው፤ ሰው መንገድ እየሄደ፣ እያወራ የፊት ጥርሱን ብቻ ወዲያ ወዲህ ይፍቅና መንጋጋው ሳይነካ ይውላል። ከድድ ጀምሮ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ በውስጥም በውጭም ይፈቅ። የተጠቀሙበትን ጫፍ በየቀኑ ቆርጦ መጣል ነው። ማታ ከመተኛት በፊት ያለው እንዳይቀር፤ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ የሚጎዳው ያኔ ነው። ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ደግሞ ለአዋቂ በጣም ጥሩ ነው።

ድድ ሲደማ ብዙ ሰው መፋቁን ያቆማል። አይቁም! ቀስ ተብሎ ይቀጥል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይሻለዋል። ካልተሻለው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የኛ አገር ቡናማ ጥርስ ግን ሌላ ነገር ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርሱን ቡናማ የሚያደርገውም ይህ መብዛቱ ነው፤ የወንጂ አካባቢ በዚህ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ቀለሙ የሚገባው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ ልጁ 8 ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ በአሸዋ ወይም በከሰል ቢፈትጉት አይለቅም፣ ጥርሱን ይልጠዋል እንጂ። ውሃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ለሕፃናቱ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይድ ያልበዛበት የቧንቧ ውሃ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የጥርስ ሳሙናም እንዳይውጡ ተቆጣጠሯቸው።

ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ ለጊዜው ያስታግሳል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ ማድረግ ግን ያቃጥላል። ከማስነቀል በፊት እማማ ወይም አባባ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካላቸው ለባለሙያው ንገሩ። ፊት ወይም አገጭ ስር አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ገበያ ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷቸው።