«አጽዳ» የተባለውን አማራጭ እንዴት እንዳስተካከልሁት

የቡድናችን የጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ረዳት ስክሪፕት «አጽዳ» የሚባል አማራጭ ነበረው፤ ስሙ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያስወግድ ቢያስመስለውም፣ የሚሠራው ግን ኮሚቶችን (የተመዘገቡ ለውጦችን) በሪቤዝ፣ ማለትም የለውጦችን ታሪክ በሚቀይር ትእዛዝ፣ እንደገና ጽፎ በ«ፎርስ» (እዚያ ያለውን በግድ በሚተካ አማራጭ) ወደ ጋራው የኮድ ማከማቻ መግፋት ነበር። ስሙን አምኜ ስጠቀምበት የባልደረባዬ ሦስት ኮሚቶች ጠፉ። እርሱም ሳያውቅ ቅርንጫፉን (የሚሠራበትን የለውጦች መስመር) ከማከማቻው ጋር አመሳስሎ ከእርሱም ቅርንጫፍ ስለጠፉ፣ ያገኘናቸው በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ካለው ሪፍሎግ (ቅርንጫፉ ቀድሞ የነበረባቸውን ቦታዎች ጊት ከሚይዝበት መዝገብ) ነው፤ ሪፍሎግ ከቅርንጫፉ ጫፍ የማይደረስባቸውን መዝገቦች በነባሪ ቅንብሩ ለ30 ቀናት ያቆያል።

ከዚያ በኋላ አማራጩን «ታሪክ-ቀይር-በግድ-ግፋ» ብዬ ሰየምሁት። ስሙ ረጅም ነው፤ ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራ ትእዛዝ በችኮላ መጻፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። «ፎርስ»ንም በ«ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ» ተካሁት፤ ይህኛው የማከማቻው ቅርንጫፍ እኛ መጨረሻ ካየንበት ቦታ ከተንቀሳቀሰ ለመግፋት እምቢ ይላል። ይሁን እንጂ የኮድ መጻፊያው ፕሮግራም ከበስተጀርባ በራሱ ፌች የሚያደርግ (የማከማቻውን አዲስ ሁኔታ የሚያመጣ) ከሆነ እኛ ሳናየው እንደታየ ስለሚቆጠርና ጥበቃው ስለሚላላ፣ የመጣው ለውጥ በእኛ ሥራ ውስጥ መካተቱን የሚያረጋግጠውን፣ በጊት 2.30 የመጣውን «ፎርስ-ኢፍ-ኢንክሉድስ» ጨመርሁበት።

የአማራጩ መግለጫ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አሁን የኮሚቶቹ መለያ ቁጥሮች እንደሚቀየሩና ሌላ ሰው በሚሠራበት ቅርንጫፍ ላይ ሳይነጋገሩ መጠቀም እንደማይገባ ይናገራል፤ በሪፍሎግ የመመለሻው መንገድም ወዲያው ከሥሩ ተጽፏል።