ኢንተርኔቱን የሚጎትተው ዊንዶውስ ይሆን? እንዴት እንደሚጣራ

ማታ ቪዲዮው መሽከርከር ሲጀምር መጀመሪያ የሚወቀሰው መስመሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ላፕቶፕ የሚጠረጥር የለም። እርግጥ ዊንዶውስ ከጀርባ የሚሠራው ሁሉ በላተኛ አይደለም። ኢንተርኔት መኖሩን ለማረጋገጥ የሚያወርዳት ፋይል 22 ባይት ብቻ ናት፤ ሰዓት ለማስተካከል የሚልካት መልእክትም 48 ባይት። እነሱን ለማጥፋት መልፋት ትርፉ ድካም ነው። ቤት ውስጥ የሚሰማ ጫና የሚያመጡት አፕዴት፣ ዋንድራይቭ (ፋይላችሁን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት)፣ እንዲሁም አፕዴትን ለሌላ ኮምፒውተር ማካፈል ናቸው።

ሒሳቡን አስቀድመን እንያዝ። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። ለ8 አካፍሉ። 4 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ያወርዳል፤ 1 ጊጋባይት አፕዴት ብቻውን 33 ደቂቃ ገደማ ይይዘዋል።

1. የወሩን ፍጆታ እዩ። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ። የ30 ቀን ፍጆታ በየፕሮግራሙ ተዘርዝሮ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚገኘው ብሮውዘር ነው። ያኔ ዊንዶውስን መክሰሱ ቀረ ማለት ነው።

2. ሲጎተት በዚያው ሰዓት ያዙት። ስታርት ላይ «ሪሶርስ ሞኒተር» ብላችሁ ፈልጉና ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ። ሴንድ የሚወጣው፣ ሪሲቭ የሚገባው ነው፤ ቁጥሩ በባይት ስለሆነ 500,000 ማለት 4 ሜጋቢት፣ ማለትም ያ መስመር ሙሉ በሙሉ ተይዟል ማለት ነው። ከላይ የቆመው «ኤስቪሲሆስት» ከሆነ ቫይረስ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ የዊንዶውስ አገልግሎቶች የሚሠሩበት የጋራ ስም ነው፣ አፕዴትም በዚሁ ስም ይወርዳል። ይህን ለመፈተሽ ጥሩው ቀን የፈረንጆች ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ማይክሮሶፍት የወሩን አፕዴት የሚለቀው ያን ቀን ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከማታው 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ልክ ቤተሰቡ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በተቀመጠበት ሰዓት።

3. ማካፈሉን አስተካክሉ። ሴቲንግ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን። ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮችም እንዲያካፍል ተፈቅዶለት ከሆነ የቤቱ ብቻ ወደሚለው መልሱት። ጭራሽ አታጥፉት፤ ቤት ውስጥ ሁለት ላፕቶፕ ካለ ሁለተኛው አፕዴቱን ከመጀመሪያው ይወስዳል፣ መስመራችሁም ይተርፋል። እዚያው ከጀርባ የሚወርደውን ለምሳሌ በ1 ሜጋቢት መገደብ ይቻላል።

4. ዋንድራይቭ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትንና ፎቶን ወደ ክላውድ መጫን ሊጀምር ይችላል። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ በ1 ሜጋቢት መጫኛ ያንን ለመሙላት 11 ሰዓት ያልፋል። አራት ኪሎም ሁኑ ልደታ፣ ቤታችሁ የገባው በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ከሆነ መጫኛው ከማውረጃው በጣም ያነሰ ነው። መጫኛው ሲጨናነቅ ማውረዱም አብሮ ይንቀራፈፋል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልሳቸው ትንንሽ መልእክቶች ከፎቶዎቹ ኋላ ይሰለፋሉ። ስለዚህ በዋንድራይቭ ሴቲንግ የመጫኛ ፍጥነቱን ገድቡ። መለኪያው በኪሎባይት ነው፤ 1 ሜጋቢት 125 ኪሎባይት ስለሆነ 50 ብትሉት ለሌላው በቂ ይቀራል።

5. የሞባይል ፓኬጅ ሲሆን። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋ ከስልክ ሆትስፖት ያበራችሁ እንደሆነ ላፕቶፑ እንደ ተራ ዋይፋይ ሊቆጥረውና ያቋረጠውን አፕዴት ሊቀጥል ይችላል። ፓኬጁ ሳይታወቅ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽንን (መስመሩ ዳታው የሚቆጠርበት መሆኑን ለዊንዶውስ የሚነግረውን) አብሩ፤ አብዛኛው አፕዴት መውረዱን ያቆማል። በቤቱ ዋይፋይ ላይ ግን ለወራት አብርታችሁ አትተዉት፣ የደኅንነት አፕዴቱም አብሮ ይቀራል። ቅንብሩ የሚቀመጠው በኔትወርኩ ስም ነው፤ የሆትስፖቱን ስም ከቀየራችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ።