ካሜራው ለምን ተንቀሳቀሰ? በስልክ የአንድ ደቂቃ ታሪክ እንዴት ይቀረጻል፣ እንዴትስ ይቆረጣል

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራማን ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ችግሩ የካሜራው መንከራተት ነው። ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለምን እንደሆነ ግን የቀረጸውም አያውቅ። መልስ ከሌለው ቢቆም ይሻላል። ኤዲቲንግም (የተቀረጸውን መቁረጥና መግጠም) ያው ነው። አንድ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ) የሚቆረጠው ስለሰለቸን ሳይሆን ቀጣዩ ሾት አዲስ ነገር ስለሚናገር ነው።

ለልምምድ ቀላል ታሪክ እንያዝ። አንዲት ሴት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ የድንጋዩ አንበሳ ጋ ሰው ትጠብቃለች። ሰውየው ይቀራል። እሷም ትሄዳለች። አለቀ። አንድ ስልክ፣ አንዲት ታጋሽ ጓደኛ እና እንደ ካፕከት ያለ የኤዲቲንግ መተግበሪያ ይበቃል። እሁድ ማለዳ ብትሄዱ መንገዱ ቀለል ይላል። አካባቢው ባንክና መሥሪያ ቤት የበዛበት ስለሆነ ካሜራውን ወደ በራቸው አታዙሩ። ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ ሰላም ብትሏቸውና ምን እንደምትሠሩ ብትነግሯቸው ከብዙ ንትርክ ትድናላችሁ።

1. ስሜቱን በአንድ መስመር ጻፉ

«ይመጣል ብላ ታምናለች» ወይም «እንደማይመጣ ገብቷታል፣ ግን እግሯ አልነሳ ብሏታል»። ቦታውም ሴትየዋም አንድ ቢሆኑም ሁለቱ የተለያዩ ፊልሞች ናቸው።

2. መጀመሪያ ካሜራውን አቁማችሁ ቅረጹ

ሴትየዋና አንበሳው አብረው፣ ከሩቅ። ፊቷ ብቻ። ስልኳን የያዘ እጇ። መንገዱ። በሩ የተከፈተ ሚኒባስ። እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ሴኮንድ ያዙ። በኋላ የምትጠቀሙት 2 ሴኮንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከፊትና ከኋላ ትርፍ ያስፈልጋል። ፊቷን ስትቀርጹ «እዘኚ»፣ «ተጨነቂ» አትበሏት። ዝም ብላ ትይ። ምክንያቱ ቁጥር 5 ላይ አለ።

3. አሁን ተንቀሳቀሱ

መቅረብን ሞክሩ። ከ3 ሜትር ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ 1 ሜትር ቅረቧት። ቀጥሎ ያንኑ ሾት ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ በዙም ድገሙት። ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። በዙሙ ፊቷም ከኋላዋ ያለው አንበሳም እኩል ያድጋሉ። በእግር ስትቀርቡ ግን ፊቷ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንበሳው፣ ራቅ ያለ ከሆነ፣ ባለበት ቀረ ማለት ይቻላል። ከተማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ እሷ ብቻዋን ትወጣለች። አጠገቧ የቆምን ያህል ይሰማናል። ዙም ግን ከሩቅ የሚያያት ሰው ያለ ያስመስላል። ለዚህ ታሪክ እኔ በእግር መቅረቡን እመርጣለሁ። የሚሰልላት ሰው ቢኖር ኖሮ ዙሙ ያዋጣ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ላይ። ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ እዚያው አካባቢ ነው። ከፊቷ ተነስታችሁ ካሜራውን ወደ ጫፉ ቀና አድርጉ (በሩን ሳይሆን ጫፉን ነው ያልኩት)። ሴትየዋ በከተማው ውስጥ ትጠፋለች። አሁን ገልብጡት፤ ከጫፉ ጀምራችሁ እሷ ላይ ጨርሱ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እሷን መርጠን አገኘናት። እንቅስቃሴው ያው ነው፣ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ስትሄድ ልትከተሏትም ትችላላችሁ። እኔ ብሆን አልከተላትም። ካሜራው ቆሞ እሷ ከፍሬም (ከሚታየው ምስል ክልል) ስትወጣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ያ ይበቃል። የእጅ መንቀጥቀጥንም በጣም አትፍሩት። እሷ ስትረጋጋ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁ፣ እሷ ስትጨነቅ ላላ አድርጉት።

4. መንገዱን አትሻገሩ

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል ይወርዳል። ሴትየዋ ወደ ለገሃር ስትወርድ ከአንዱ ጠርዝ ቆማችሁ ብትቀርጿት፣ ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች እንበል። ተሻግራችሁ ከማዶ ብትቀርጿት ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሁለቱን ስትገጥሙ ሐሳቧን ቀይራ የተመለሰች ይመስላል። ከአንዱ ጎን ወደ ማዶ አለመሻገርን ባለሙያዎቹ የ180 ዲግሪ ሕግ ይሉታል። ልቧ ሁለት እንደሆነ ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ሆን ብላችሁ ጣሱት።

5. ቁረጡ፣ ግጠሙ

ከዛሬ 100 ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ጋር ገጠመው። ተመልካቹ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን፣ አንዴ ፍላጎት አየ ይባላል። ፊቱ ግን አልተለወጠም።

እናንተም ሞክሩት። ያን ዝም ያለ ፊት በሸክላ ከሚንተከተክ ሽሮ ጋር ግጠሙት። ቀጥሎ ነጠላዋን ካዘቀዘቀች ሴት ጋር። ቀጥሎ ጥሏት ከሚሄድ ሚኒባስ ጋር። ጓደኛችሁ ሳትተውን ጎበዝ ተዋናይ ትሆናለች። ቀድማ አዝና ቢሆን ኖሮ ግን ሽሮው ጋ አይሠራም ነበር።

አሁን ወደ ታሪካችን። ስልክ፣ ፊት፣ መንገድ ብላችሁ ደርድሩ፦ መልእክት ደረሳት፣ መንገዱን ታያለች፣ ይመጣል። መንገድ፣ ፊት፣ ስልክ ብትሉ ደግሞ መንገዱን አይታ ጨርሳለች፣ ልትደውል ነው። አንድም አዲስ ሾት አልቀረጻችሁም።

ኤዲቲንግ ጊዜን እንዴት እንደሚያመላልስ ማየት የፈለገ የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ያግኝ። ገጠሩ፣ የደርግ ዘመን አዲስ አበባና ጀርመን ይመላለሱበታል። 10 ደቂቃ ያህሉን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፣ ቆረጣው ጎልቶ ይታያችኋል።

6. ርዝመትና ድምፅ

መጠበቅን ለማሳየት ሾቱን «አሁንስ በቃው» ካላችሁ በኋላም 2 ሴኮንድ ተዉት። ሚኒባሶቹ በመጡ ቁጥር ግን አሳጥሩ፦ 4 ሴኮንድ፣ 3፣ 2። ከዚያ እንደገና ረጅም ፊት።

የወያላውን «ፒያሳ! ፒያሳ!» ደግሞ ከምስሉ አስቀድሙት። ድምፁ ፊቷ ላይ እያለን ይሰማ፣ ሚኒባሱ ከ1 ሴኮንድ በኋላ ይምጣ። ተመልካቹም ከእሷ ጋር አንገቱን ያዞራል።

7. ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩ

ምንም አታስረዱ። «ምን ሆነች?» ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። «ሰው ቀረባት» ካለ ጥሩ። «ቦታው ያምራል» ካለ ወደ ቁጥር 5 ተመለሱ። እንደገና ልትቀርጹ ከመውጣታችሁ በፊት የሾቶቹን ቅደም ተከተል ቀይራችሁ ለሌላ ሰው አሳዩ። ለዚህ ስትሉ ጥሬ ቪዲዮዎቹን ከስልካችሁ ለማጥፋት አትቸኩሉ።