ጀልባ ለመጎተት የናፍጣ ፒክ አፕ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ፣ ከቤቴ በር ላይ ለቆመ ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ የጫነ ተሳቢ ወደ ቢሾፍቱ ሲወርድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ባቦጋያ ይቀራል፣ ሌላው ባቱ ይደርሳል፣ ጠና ያለው እስከ ላንጋኖ ይዘልቃል። ሲሄዱ ሁሉም ያምርባቸዋል። እሑድ ማታ ሲመለሱ ግን የአንዱ መኪና በሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት እየተነፈሰ፣ የሌላው ፍሪሲዮን እየሸተተ መንገድ ዳር ቆመው አገኛቸዋለሁ። የራሴንም የወዳጆቼንም ጀልባ ለዓመታት ጎትቻለሁ። አብዛኛው መከራ የሚገዛው ፒክ አፑ በተገዛበት ቀን፣ ከመኪናው ጋር አብሮ ነው።

የጀልባውን ክብደት በሻጩ ቃል መውሰድ

አንድ ወዳጄ አምስት ሜትር ገደማ የሚሆን የፋይበር ጀልባ ገዛ። ሻጩ «400 ኪሎ ነው» አለው፤ እውነቱን ነው፣ ባዶው አካል 400 ኪሎ ይሆናል። ወዳጄም በዚሁ ስሌት ያገኘውን ርካሽ ፒክ አፕ ሊገዛ ተነሣ። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ጀልባውን ከነተሳቢው ቃሊቲ ወደሚገኝ የከባድ መኪና ሚዛን ወሰድነው። ተሳቢውን ፈትተን ብቻውን ሚዛኑ ላይ ስናቆመው 1,120 ኪሎ መዘነ።

ሰባት መቶው ከየት መጣ? ተሳቢው ራሱ ብረት ነው፤ ከ300 ኪሎ በላይ ይወስዳል። ባለ 60 የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር 110 ኪሎ ያህል ነው። ቤንዚን፣ ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ገመድ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶች፣ ትርፍ ጎማ፣ ከወለሉ ሥር የቀረ ውሃ፣ ሳጥን ሙሉ መጠጥ፤ ሁሉም ይመዝናል። ስለዚህ መኪና ከመፈለግዎ በፊት ጀልባውን ለሽርሽር እንደሚወጡበት ቀን አድርገው ጭነው ያስመዝኑ። ለሚዛን የሚከፍሉት ገንዘብ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር እንኳን አይወዳደርም።

ሌላም የሚመዘን ነገር አለ፤ የተሳቢው አፍንጫ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ በመኪናው ላይ የሚያሳርፈው ጫና። ይህ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ቢጠጋ ጥሩ ነው። እኛ የሰው መመዘኛ ሚዛን በእንጨት ላይ አድርገን፣ አፍንጫውን በመኪናው መጎተቻ ኳስ ከፍታ ልክ አሳረፍንበትና 40 ኪሎ ብቻ አነበብን። የጀልባው ሞተርና ቤንዚኑ ሁለቱም ከኋላ ስለሆኑ ክብደቱን ወደ ኋላ ስበውታል። እንዲህ ያለ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ላም ጭራ ግራና ቀኝ መወናጨፍ ይጀምራል፤ ከባድ መኪናም ቢሆን ከፊት ሆኖ አብሮ ይናጣል። ጀልባው የሚደገፍበትን የፊት ምሰሶ ፈትተን 20 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ስናስጠጋው ነገሩ ተስተካከለ። ያ የአፍንጫ ጫና ግን ከፒክ አፑ የመጫን አቅም ላይ የሚቀነስ መሆኑን አይርሱ። አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ ኋላው በዕቃ ተሞልቶ፣ ያ ሁሉ ሲታከልበት ልኩ ቶሎ ይሞላል።

ለባሕር ወለል የተጻፈ ቁጥር ይዞ አዲስ አበባ ላይ መግዛት

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ስህተት ነው፤ በመጽሔት ላይ የሚነበበው የጉልበት ቁጥር የእኛን አየር አያውቀውምና። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ወደ መኪናዎቹ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚወደው የድሮው ባለ 3 ሊትር ሂሉክስ ቱርቦ የለውም፤ የማዞር ጉልበቱም በባሕር ወለል ላይ እንኳን 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ባለ 2.4 ሊትር የቱርቦ ሞተር ግን እስከ 400 ይደርሳል። የሞተሩ ስፋት አንሶ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕም ቱርቦ የለውም፤ ነገር ግን ሞተሩ ሰፊ፣ አካሉም ከባድ ስለሆነ በዝግታ ይዞ ይወጣል። የድሮውን ሂሉክስ አልንቀውም፤ ገጠር ለገጠር ዕድሜውን የጨረሰ ታማኝ መኪና ነው። ከአንድ ቶን በላይ ጀልባ አስሮ ዳገት እንዲወጣ መጠየቅ ግን በደል ነው። የብዙ አምራቾች የመመሪያ ደብተርም ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር የመኪናውንና የተሳቢውን ጥምር ክብደት በ10 በመቶ እንድንቀንስ ይመክራል። ደብተሩን የሚገልጠው ግን ጥቂት ሰው ነው።

መንገዳችን ደግሞ የተገለበጠ ነው። ስንሄድ ቁልቁል፣ ስንመለስ ሽቅብ። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ እንወጣለን። ዳገቱ የሚያስፈራ አይመስልም፤ ረጅምና የማያቋርጥ በመሆኑ ግን ሞተሩን እያበሰለ ያመጣዋል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ዕቃ ትልቅ ሥራ አላት፤ የራዲያተሩ ክዳን። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር መደበኛ ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ የክዳኑ ጎማና ስፕሪንግ ነው። ጎማው የተሰነጣጠቀ ክዳን በቆላ ሊያዘልቅ ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ከአካሉ ጋር የሚያሽገውን፣ ያስበላል። የሚገዙት መኪና ያገለገለ ከሆነ ክዳኑን በአዲስ ይቀይሩት፤ መኪናው ሲቀዘቅዝ ብቻ ይክፈቱት።

በባዶው ነድቶ «ጥሩ ነው» ማለት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የነዳጅ መኪና ፈላጊ ሁሉ ዐይኑን በአገር ውስጥ ባሉት ላይ ጥሏል። ደላላው ቸኩሎ ያስቸኩላል። ገዢው ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ዙር ነድቶ ይመለሳል። ባዶ ፒክ አፕ በሜዳ ላይ ሁልጊዜም ጥሩ ነው።

እኔ መኪና ስመለከት ዳገት እፈልጋለሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የሚደብቅ ነገር የለውም። ጭነት ይዘው፣ አራት ሰው አሳፍረው ያውጡት። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ከፍ ካለ ሻጩ የሚነግርዎትን ሰበብ አይስሙ። ጥቁር ጢስ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ከካምቢዮው የሚወጣ ዋይታ፣ ሁሉም እዚያ ይገለጣል።

ከዳገቱ ሲወርዱ ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፉ የዘይቱን ክዳን ፈታ አድርገው ይመልከቱ። ቃሊቲ አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው ያስተማሩኝ። ክዳኑን አንሥተው መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው በቦታው አስቀመጡት። ትኩስ ጢስ እፍ፣ እፍ እያለ መዳፌን ገፋው። «ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ፒስተኑ ጋ መቅረት ያለበት ጉልበት ነው፤ ወደ ታች እየሾለከ ነው። ይህን መኪና ለሽንኩርት ግዛው፤ ለጀልባ አትግዛው» አሉኝ። አልገዛሁትም። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ባሌስትራ ጨምሮ «አቅሙ አደገ» ብሎ ማመን

ኋላው ሲወርድብን ባሌስትራ እንጨምራለን፤ የተለመደ ነው። መኪናው ቀጥ ይላል፣ ዐይንም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ፍሬኑ ያው ነው፣ የኋላ አክስሉ ያው ነው፣ ሻንሲውም ያው ነው። በተለይ በደብል ጋቢና ፒክ አፕ ላይ የመጫኛው ሳጥን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ከልኩ በላይ የተጫነ ሻንሲ ከጋቢናው በስተኋላ ሲታጠፍ በዐይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሲገዙ ከሥሩ ተኝተው የባሌስትራውን ቅጠሎች ይቁጠሩ። አንዱ ቅጠል ከሌሎቹ አዲስ ሆኖ ካገኙት፣ ከጋቢናው ኋላ ያለውን የሻንሲ ክፍል በባትሪ መብራት ይመርምሩ፤ የተነሣ ቀለም ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ ተነሥተው ይሂዱ።

ስለ መጎተት ብቻ አስቦ ስለ ማቆም አለማሰብ

ብዙ ዘመናዊ የናፍጣ ፒክ አፖች 3,000 ወይም 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ ተብሎ ይነገርላቸዋል። ያ ቁጥር ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ 750 ኪሎ ብቻ ነው። እዚህ በየብየዳ ቤቱ የሚሠሩት የጀልባ ተሳቢዎች ደግሞ ፍሬን ሲኖራቸው እምብዛም አላይም። የወዳጄ 1,120 ኪሎ ከዚህ ልክ በላይ ነው። እናም የመኪናውን ዋጋ ሲያስቡ የተሳቢውን ፍሬን ወጪ አብረው ይያዙ።

በቁልቁለት ላይ የናፍጣ ሞተር በራሱ ብዙም እንደማይዝ ይወቁ፤ እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን አንቆ አያቆምም። ስለዚህ ማርሹን አስቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል። ወደ ጣና ለመሄድ ከሱሉልታ ተነሥተው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። ያ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በፍሬን ብቻ የጀመረው ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል፤ ፔዳሉም እየለሰለሰ ይሄዳል።

ለሐይቁ ዳር ሁለት ጎማ ይበቃል ብሎ መገመት

ባቦጋያና ሆራ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ ዳርቻቸው ገደላማ ነው። አንድ ቀን ባቦጋያ፣ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ፒክ አፕ ጀልባውን ከውሃ ሊያወጣ ሲሞክር አጠገቡ ነበርኩ። የኋላ ጎማዎቹ አረንጓዴ ዝልግልግ በያዘው ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ሹፌሩ ነዳጅ ሰጠ፤ ጎማዎቹ ዞሩ እንጂ መኪናው አልተነቃነቀም። እንዲያውም አንድ ክንድ ያህል ወደ ውሃው ተንሸራተተ። ረዳቱ ታኮ ሊያስገባ ሲንበረከክ «ውጣ! ተወው!» ብለን ጮህን፤ ከጎማና ከተሳቢ መካከል ሰው መግባት የለበትም። በመጨረሻ ሌላ መኪና በሰንሰለት ጎተተው። የተቃጠለው ፍሪሲዮን ሽታ እስከ ማታ ልብሴ ላይ ነበር።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከዚያም በላይ ዝቅተኛው ማርሽ (ከመደበኛው ማርሽ ሌላ «4L» የሚባለው ዝግ ያለ ክልል) ያለው መኪና ይምረጡ። ዝቅተኛው ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሳያሹ በሰው እርምጃ ፍጥነት ያወጣዎታል። ባቱ ዳር ደግሞ ሐይቁ ጥልቀት የለውም፣ ዳርቻው ጭቃና ደንገል ነው፤ እዚያ ከሞተር ጉልበት ይልቅ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ያድናል።

ዘመናዊ ሞተር ገዝቶ የጄሪካን ናፍጣ ማጠጣት

ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጥ ናፍጣ እንገዛለን። የድሮ ሞተር ይችለዋል። አዳዲሶቹ ግን ነዳጁን በእጅግ ከፍተኛ ግፊት በረቀቁ ቀዳዳዎች የሚረጩ ናቸው፤ ጥቂት ውሃ ወይም አቧራ መርጫዎቹን ያበላሻል። የመርጫዎቹን ሙሉ ስብስብ ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከዚያ ይወስኑ። ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻም በየጊዜው ይክፈቷት። በጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው መኪና ከሆነ፣ በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ከነዱት ማጣሪያው ይታፈናል።

መጎተቻውን ፓራውልት ላይ ማሰር

መጎተቻው ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ይሁን። ፓራውልት ላይ የተበየደውን አልቀበልም፣ ማንም እንዲቀበለው አልመክርም።

ኳሱ ሁለት ዓይነት መጠን እንዳለው ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። ከአውሮፓ የመጣው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሜሪካው ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር። በዐይን አይለዩም። ለትልቁ የተሠራ አፍንጫ በትንሹ ኳስ ላይ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ያረፈ ይመስላል፤ ጉብታ ላይ ሲዘል ግን ሊወጣ ይችላል። አብዛኛው ኳስ አናቱ ላይ መጠኑ ተጽፎበታል፤ ቅባቱን በጨርቅ ጠርገው ያንብቡት። ጽሑፉ ከጠፋ በካሊፐር ያስለኩት። ሁለቱን የደኅንነት ሰንሰለቶች ደግሞ በአፍንጫው ሥር አጣምረው ይሰሯቸው፤ አፍንጫው ቢወጣ እንኳን አስፋልቱን ሳይነካ እዚያ ላይ ያርፋል።